ቤዛዊት በእግር፦ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት?

አዲስ ገቢ፣ ሐሙስ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። ለሥራ ባህር ዳር ከመጣሁ ገና ብዙም አልቆየሁም። እሁድ እሁድ ከቢሮ ልጆች ጋር ሐይቅ ዳር ተኮልኩሎ ማኪያቶ መጠጣት ሰለቸንና "ለምን ቤዛዊት ኮረብታን በእግር አንወጣም?" ተባባልን። አምስት ስድስት ሰው እንሆናለን። አንደኛው ጋሼያችን ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል፤ ጉልበታቸውንም ትንሽ ያማቸዋል። ግን "እኔን ጥላችሁ ከሄዳችሁ ከዚያ ወዲያ አንተዋወቅም" ብለዋል።

በየት በኩል ነው የሚወጣው? የመኪና መንገዱን ይዘን እንሂድ ወይስ የእግር መንገድ አለው? ቤተ መንግሥቱ ጋ ያስገባሉ? ደግሞ አንዷ ልጅ ጀንበር ስትጠልቅ ካልሆነ አልሄድም ብላለች። ሌላው ጠዋት ካልሆነ ይላል። ቢሮው ለሁለት ተከፍሏልና ፍረዱን።


ብስክሌተኛው፣ ሐሙስ ማታ

መንገዱ አይጠፋችሁም። ከጊዮርጊስ ተነስታችሁ የጎንደርን መንገድ ያዙ። አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻገሩና ወደ ቀኝ ታጠፉ። ከዚያ በኋላ ኮረብታው ራሱ ፊታችሁ አለ።

ከጊዮርጊስ ጀምሮ በእግር ካላችሁ ግን ጋሼያችሁ ዳገቱ ጋ ሳይደርሱ ይደክማሉ። እስከ አባይ ማዶ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ይሻላል። ድልድዩን ግን በእግር ብትሻገሩት አይቆጫችሁም። 380 ሜትር ነው፤ ለእግረኛና ለብስክሌት ለብቻው መንገድ አለው። ግንቦት 2016 ከመመረቁ በፊት በአሮጌው ድልድይ ላይ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋን ነበር የምናልፈው። አሁን ቆም ብሎ ወንዙን ማየት ይቻላል።

እኔ የምወጣው በብስክሌት ነው። ሲወጡ ልብ ያወልቃል። ሲወርዱ ደግሞ ፍሬን ፈትሹ።


ፎቶ ባህር ዳር፣ ሐሙስ ማታ

ጀንበር መጥለቂያ! ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ፀሐይዋ በከተማው ጀርባ ስትወርድ፣ ሐይቁ ብርቱካን ሲሆን፣ ወንዙ ብር ሲመስል። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ላይኛው መንገድ ላይ ሁኑ። የጠዋት ሰዎች ይተኙ።


አይሻልም_ወይ፣ ሐሙስ ማታ

ይቺም ተራራ ሆና ሰው ይመካከርባታል? በባጃጅ ወጥቶ ሰልፊ ተነስቶ መውረድ ነው እንጂ። 😄


የአባይ ማዶ ሰው፣ ዓርብ ጠዋት

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ ያደግሁትም ልጆቼን ያሳደግሁትም እዚሁ አባይ ማዶ ነው። የቤዛዊት ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በመጀመሪያ ስለ ጫፉ። ጫፉ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ነው። ጃንሆይ በ1950ዎቹ ያሠሩት ነው። ግቢው የታጠረ ነው፤ ጥበቃ አለው። ማንም ዘው ብሎ አይገባም። ወደ ግቢው ካሜራ ካዞራችሁ ደግሞ ወዲያው ትጠራላችሁ። ስለዚህ "ጫፉን ረገጥኩት" ለማለት የሚወጣ ሰው አጥር አይቶ ተናዶ ይመለሳል። ስንቱን አይቻለሁ። ላቡን እየጠረገ በሩ ላይ ይደርስና "በቃ ይኸው ነው?" ይላል። ይኸው አይደለም! ማየት ያለበትን ከጀርባው ትቶት መጥቷል።

ቤዛዊት የሚወጣው ለጫፉ ሳይሆን ለወገቡ ነው። ከአጥሩ በታች፣ ወደ ወንዙና ወደ ሐይቁ በሚያየው ፊት በኩል፣ ዛፍ የማይጋርዳችሁ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ከሥራችሁ አባይ ነው። ራቅ ብሎ በወዲያ በኩል ከተማው። ከከተማው ቀኝ ጣና።

እስኪ ልጠይቃችሁ። ባህር ዳር ስንኖር ሐይቁን እናውቀዋለን። ወንዙንም እናውቀዋለን። ሐይቁ ወንዝ የሚሆንበትን ቦታ ማን በደንብ አይቶታል? ከታች ሆኖ አይታይም። ደንገሉ ይከልለዋል፣ ዛፉ ይከልለዋል፣ አጥሩም ግንቡም ይከልለዋል። ከቤዛዊት ወገብ ላይ ግን ወለል ብሎ ነው የሚታየው። ያ ሁሉ የተኛ ውሃ በአንድ ጥግ በኩል መጥበብ ይጀምራል። በአረንጓዴ ደሴቶች መካከል ይከፋፈላል፣ መልሶ ይገናኛል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወንዝ ሆኗል፤ መሄጃውን አውቋል። እናንተ ደግሞ ሱዳንና ግብፅ የሚደርሰውን ውሃ ገና ከቤቱ ሲወጣ እያያችሁት ነው።

ለዚህ ነው በእግር ውጡ የምለው። በባጃጅ የወጣ ሰው መንገዱ በየት በኩል እንደዞረ ሳያውቅ በሩ ላይ ይወርዳል። በእግር የሄደ ሰው ወንዙን መጀመሪያ ከጎኑ ያገኘዋል። ከዚያ ከጉልበቱ በታች፣ ከዚያ ደግሞ ከሥሩ ይርቃል። በየመታጠፊያው ቆም ብላችሁ ዙሩ። እይታው በየደረጃው ይለያያል።

ሰዓቱን በተመለከተ ጠዋት ነው። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስለምትወጣ ከተማውንም ሐይቁንም ታበራላችኋለች። ማታ ግን ፊት ለፊት ዓይናችሁን ነው የምትመታው። ሐይቁ ያብረቀርቃል እንጂ ምኑም አይለይም።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ማታ እመለስበታለሁ። አሁን ሰው ይጠብቀኛል።


ፎቶ ባህር ዳር፣ ዓርብ ጠዋት

ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር አልስማማም። ለዓይን ጠዋት ይሻል ይሆናል። ለፎቶ ግን ማታ ነው። የሚያብረቀርቀው ውሃ እኮ ነው ፎቶውን ፎቶ የሚያደርገው። ታንኳ በዚያ ብርሃን ውስጥ ካለፈችላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ስለ ግቢው ያሉት ልክ ነው። ሌንሱን ወደ ውሃው እንጂ ወደ በሩ አታዙሩ። መጀመሪያ ጥበቃዎቹን ሰላም በሉ፣ የት መቆም እንደሚቻል ጠይቁ። እኔ ሁሌ የማደርገው ይሄንን ነው። ብዙውን ጊዜ ራሳቸው "እዚያ ጋ ሁን፣ ከዚያ ይሻላል" ብለው ይጠቁሙኛል።


እመት ሽምብጥ፣ ዓርብ ቀን

ልጆቼን ይዤ የምወጣ ሰው ነኝ። ጥቂት ነገር ልጨምር።

ላይ ሱቅ አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ውሃ አባይ ማዶ ሳላችሁ ግዙ። ቆሎም ያዙ። ኮፍያ የግድ ነው፤ ከወገቡ በላይ ጥላ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ጫማችሁ የሚያንሸራትት ከሆነ በእግር መንገዱ አትሂዱ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጥላ ያለበት ቦታ አሁንም እርጥብ ነው። ቀጭኑ መንገድ ላይ ደግሞ ጠጠሩ ይንከባለላል።

አንድ ነገር በተለይ ለሴቶች። ለብቻችሁ አትውጡ። ኮረብታው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጭር ስለሚል ነው። የሰሞኑን ሁኔታም አካባቢው ላይ የሚኖር ሰው ጠይቃችሁ ተነሱ። ይሄ ለማንም ነው።

@አዲስ ገቢ የጋሼያችሁ ጉልበት ሲወጡ ነው የሚያማቸው ወይስ ሲወርዱ?


አዲስ ገቢ፣ ዓርብ ቀን

@እመት ሽምብጥ አሁን ጠየቅኋቸው። "ሲወርዱ ነው፣ ምን አገባት?" አሉ። 😂


እመት ሽምብጥ፣ ዓርብ ቀን

ሰላምታዬን አድርሱልኝ። 😄 ሲወርዱ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። የመኪና መንገዱ ሲጠማዘዝ ዳገቱ ይለዝባል፤ የእግር መንገዱ መሃል ለመሃል ቆርጦ ስለሚወጣ አጭር ግን ቀጥ ያለ ነው። እናንተ ወጣቶቹ በፈለጋችሁት ውጡ። ስትወርዱ ግን ሁላችሁም የመኪና መንገዱን ያዙ። ምርኩዝ ይያዙ፤ ቁልቁለት ላይ የጉልበትን ሸክም ይቀንሳል። ወይ ደግሞ የባጃጅ ሾፌር ስልክ ተቀብላችሁ መውረጃ ላይ ጥሩለት።


ጉና_ማዶ፣ ዓርብ ቀን

እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ስለ ኮረብታ ስታወሩ ሳቄ ይመጣል። ተራራ ካላችሁ ጉና ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ። የአስታውን ቁጥቋጦ አልፋችሁ የጅብራው ተክል ጋ ስትደርሱ ትንፋሻችሁ የት እንደገባ ይጠፋችኋል። ብርዱም የዋዛ አይደለም። ቤዛዊት ላይ በነጠላ ጫማ ይወጣል።


አይሻልም_ወይ፣ ዓርብ ቀን

@ጉና_ማዶ አንድ ሰው ተገኘልኝ!


የሳይንስ መምህር፣ ዓርብ ማታ

ጉናን በማንሳትህ ደስ ብሎኛል፣ ግን ከቤዛዊት ጋር አታጣላው፤ ዘመድ ናቸው። ርብና ጉማራ ከጉና ነው የሚነሱት። ሁለቱም ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በሌላ በኩል ግልገል አባይ ከሰከላ ይመጣል፤ ከሰሜን ደግሞ መገጭ። ትልልቆቹ ገባሮች እነዚህ አራቱ ናቸው። በተፈጥሮ ለመውጫ ያለው ግን አንድ አባይ ነው። ቤዛዊት ላይ ቆሞ ወንዙን የሚያይ ሰው በክረምት ጉና ላይ የዘነበውንም እያየ ነው።

ላይ ስትደርሱ ሐይቁ ዳርቻ የሌለው ይመስላችኋል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ እውነታችሁን ነው። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ስስ ነው። ድርቅና ክረምት ቶሎ የሚታይበትም ለዚህ ነው።

ሌላው የምትረግጡት ድንጋይ ነው። ጥቁርና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን አንድ አንስታችሁ እዩት። ቀዳዳዎቹ ትኩሱ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ጋዙ የወጣባቸው ናቸው። ጣና ራሱ ሐይቅ የሆነው በእሳተ ገሞራ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ የውሃውን መውጫ ስለገደበው ነው። ባህር ዳር ውስጥ ስንቱ አጥርና የቤት መሠረት የተሠራው በዚህ ድንጋይ ነው! በየቀኑ አጠገቡ እናልፋለን፤ ምን እንደሠራ አናውቅም።


ብስክሌተኛው፣ ዓርብ ማታ

@የሳይንስ መምህር ጥያቄ። በጋ ላይ ከድልድዩ ሳየው ወንዙ አይደርቅም፣ ጢስ አባይ ስሄድ ግን ፏፏቴው ቀጭን ሆኖ አገኘዋለሁ። በመሃል ውሃው የት ይገባል?


የሳይንስ መምህር፣ ዓርብ ማታ

ከሐይቁ መውጫ ላይ ጨረጨራ የሚባል ግድብ አለ። ከ1988 ጀምሮ ክረምት የገባውን ውሃ ሐይቁ ውስጥ ያስቀርና በበጋ እየመጠነ ይለቃል። ስለዚህ ባህር ዳር ላይ ወንዙ በበጋም ውሃ አያጣም። ጢስ አባይ ሲደርስ ግን ከፏፏቴው በላይ ወደ ኃይል ማመንጫው ይጠለፋል። ተርባይኑን አዙሮ ከፏፏቴው በታች ነው ወደ ወንዙ የሚመለሰው። በበጋ ፏፏቴው ላይ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ከ2002 ወዲህ ደግሞ በሐይቁ ምዕራብ በኩል ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ የሚሄድ ውሃ አለ።

ፏፏቴውን ሙሉ ሆኖ ማየት ከፈለግህ ከነሐሴ እስከ መስከረም ሂድ። ከቤዛዊት ግን አይታይም፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አንዳንድ አስጎብኚ "ጢሱ ይታያል" ሲል ሰምቻለሁና ነው።


የአባይ ማዶ ሰው፣ ዓርብ ማታ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጆቹ እንዲህ ነው መንገር።

ጠዋት ያቆየሁት ነገር ጉማሬ ነው። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ነው፤ አያስቸግርም። ሲመሽ ግን ሣር ፍለጋ ወደ የብስ ይወጣል። ሲግጥ አድሮ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። በዚያ ሰዓት በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው መንገድ ዘጋበት ማለት ነው። ያ ወፍራም ገላ ደግሞ አይሮጥም እንዳትሉ፤ ሰው ሮጦ ያመልጠዋል ማለት ዘበት ነው።

ፎቶ ልጄ፣ ላይ ሆነህ ጀንበር ብታይ አልቃወምህም። ስትወርድ ግን ጨልሟል። ጨለማ ውስጥ ወንዝ ወንዙን እንዳትሄድ። ጠዋትም ቢሆን ጎህ ሲቀድ ወንዝ ዳር አትገኙ፤ ፀሐይዋ ጠበቅ ስትል ተነሱ። አንድ ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ብትሆኑ ጥሩ ነው። ፀሐይ ሳይበረታባችሁ ትወጣላችሁ።

ጉማሬ ማየት ከፈለጋችሁ ከላይ ሆናችሁ ፈልጉ። ውሃው የሚረጋበትን ቦታ እዩ። ድንጋይ የሚመስል ነገር ካያችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ጆሮው ከተርገበገበ ድንጋይ አይደለም።


ፎቶ ባህር ዳር፣ ዓርብ ማታ

ጋሼ፣ ይሄንን ተቀብያለሁ። ጀንበሯን አይቼ በባጃጅ እወርዳለሁ። አቋሜ ግን ያው ነው። 😄


ዘጌ ቡና፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሁላችሁም ቤዛዊት ቤዛዊት ስትሉ ዘጌን የረሳችሁ መሰለኝ። ጥላ ያለበት ዳገት የምትፈልጉ ወደ እኛ ኑ። ባሕረ ገብ መሬቱ ከሐይቁ ወለል ወደ 200 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከታች እስከ ላይ ደን ነው። ከሥሩ ቡና፣ ከላዩ ዋንዛና ብሳና። ጦጣው በላያችሁ ይዘላል።

የሚመጣበት መንገድ ሁለት ነው። በጀልባ ከመጣችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወደብ ትወርዳላችሁ። ከዚያ በድንጋያማው መንገድ ሽቅብ። ግራ ቀኙ የእጅ ሥራ ሻጭ ነው፤ ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ አትቁሙ፣ ከቆማችሁ ግዙ። በመኪና ከሆነ አፋፍ ከተማ ወርዳችሁ በጫካው ውስጥ በእግር ወደ ገዳማቱ ነው። እኔ የምመርጠው ሁለቱን ማገናኘት ነው። በጀልባ መጥቶ፣ በደኑ ውስጥ አቋርጦ፣ በአፋፍ በኩል በመኪና መመለስ። ብዙ እንግዳ ኡራን አይቶ እዚያው ይመለሳል፤ ደኑ የሚያምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አዝዋ ማርያም አለች፣ መሃል ዘጌ ጊዮርጊስ አለ፣ በትረ ማርያም አለ።

ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፤ መሬት አይታረስም። ከአቡነ በትረ ማርያም የመጣ ሥርዓት ነው ተብሎ ይታመናል። ሕዝቡ የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። ማረሻ ስላልገባ ዛፉ ቆመ። ከጀልባ ላይ ሆናችሁ ዙሪያውን የታረሰውን አገርና ዘጌን ካስተያያችሁ ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታያችኋል።


አዲስ ገቢ፣ ቅዳሜ ጠዋት

@ዘጌ ቡና አሁን ደግሞ ቢሮውን ለሦስት ልትከፍለው ነው! ከላይ ሐይቁ ይታያል?


ዘጌ ቡና፣ ቅዳሜ ጠዋት

እውነቱን ልንገርህ፣ እንደ ቤዛዊት አይታይም። ደኑ ይጋርዳል። በቅጠል መሃል ሰማያዊ ብልጭ ሲል ታያለህ፣ መልሶ ይጠፋል። ለእይታ ቤዛዊት፣ ለእግር ጉዞ ዘጌ። ይሄን ስል የመንደሬ ሰዎች አይስሙኝ።


የአባይ ማዶ ሰው፣ ቅዳሜ ቀን

ዘጌ ቡና፣ እንዲህ ያለ ሚዛናዊ ሰው ይብዛልን። ሰማይ ጥርት ባለ ጠዋት እናንተም ከእኛ ትታያላችሁ። ከቤዛዊት ወገብ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስታዩ ከውሃው ላይ ጠቆር ብሎ የተዘረጋው ዘጌ ነው።

ለአዲስ ገቢ አንድ ነገር ልጨምር። ከሐይቁ ቀጥሎ ከተማውን ልብ በሉት። እነዚያ ሰፋፊ ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። ፕላኑን በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች ናቸው የነደፉት። ጨርቃ ጨርቁም ፖሊ ቴክኒኩም የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። አንዱ በጣልያን የጦር ካሳ፣ ሌላው በሶቪየቶች ዕርዳታ። ጃንሆይ መናገሻውን ወደዚህ ሊያዞሩት አስበው ነበር ይባላል። እኔ ላይ ስቆም ነገሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ቤተ መንግሥታቸውን ያስቀመጡበትን ቦታ እዩት! ሐይቁንም ወንዙንም ከተማውንም ባንድ ጊዜ የሚያይ ቦታ ሌላ የለም። ዓይን ነበራቸው።


አይሻልም_ወይ፣ ቅዳሜ ቀን

እሺ፣ እሺ። በዚህ ሁሉ ወሬ መሃል እኔም ልሂድ መሰለኝ። ነገ ቦታ አላችሁ?


አዲስ ገቢ፣ ቅዳሜ ቀን

@አይሻልም_ወይ በነጠላ ጫማ እንዳትመጣ እንጂ። አንድ ሰዓት፣ ድልድዩ ጋ፣ በከተማው በኩል።


አዲስ ገቢ፣ እሁድ ማታ

ቤተሰብ፣ ወጥተን ወርደናል። ሰባት ሆንን። የጀንበሯ ልጅም "ለዛሬ ብቻ" ብላ ጠዋት መጣች።

ድልድዩን በእግር ተሻገርን። አንድ ሰውዬ በደንገል ታንኳ ከሥራችን አለፈ። ታንኳዋ ግማሽ ገላዋ ውሃ ጠጥቷል፤ ሰውየው ግን ተረጋግቶ ተቀምጦ ይቀዝፋል። ከኋላው ዓሣ የሞላበት ጆንያ አለ። ሁላችንም አጥር ላይ ተደግፈን እስኪርቅ አየነው። ሰዓታችን እዚያ ሄደ።

ዳገቱ ላይ ተለያየን። እኔና ሁለት ልጆች በቀጭኑ መንገድ። @አይሻልም_ወይ አብሮን ነበር፤ ግማሽ ላይ ድምፁ ጠፋ። ጋሼና ሌሎቹ በመኪና መንገዱ። እኛ ቀድመን ደረስን፤ ግን ደርሰን መነጋገር የቻልነው እነሱ ሲመጡ ነው።

ጥበቃዎቹን ሰላም አልን። አንዱ "ስልካችሁን ወደዚህ እንዳታዞሩ እንጂ እዚያ ታች ቁጭ በሉ" አለን። እንደተባለው ከአጥሩ ወርደን ዛፍ የሌለበት ቦታ ተቀመጥን። የአባይ ማዶው ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። መውጫው ይታያል። እኔ የጠበቅሁት ውሃው አንድ ቦታ ላይ "እዚህ ጋ ወንዝ ሆነ" የሚባል ነገር ነበር። እንደዚያ አይደለም። የቱ ጋ እንደጀመረ ስንከራከር ቆየን። የእኛ ጋሼ "ደንገሉ ባንድ አቅጣጫ ከተኛበት ጀምሮ ነው" አሉ። ሌላው "ደሴቶቹ ጋ ነው" አለ። አልተስማማንም።

ጉማሬም አየን ብለናል። ሁለት ጥቁር ነገር ነበር። አንዱ ጆሮውን አራገበ። ሌላው እስክንነሳ ድረስ አልተንቀሳቀሰም፤ ድንጋይ ነው መሰለኝ።

ድንጋይም አንስተናል፣ መምህር። ቀዳዳዎቹን ለማየት። ልጆቹ ለቢሮ ጠረጴዛ ብለው ይዘው ሊወርዱ ሲሉ ጋሼ ተቆጡና እዚያው አስጣሏቸው።

ሲወርዱ ጋሼ በባጃጅ። እኛ በመኪና መንገዱ።


እመት ሽምብጥ፣ እሁድ ማታ

እሰይ! ጉልበታቸውስ?


አዲስ ገቢ፣ እሁድ ማታ

"ምን ሆኖ?" አሉ። ነገ ቢሮ ሲገቡ እናየዋለን።


አይሻልም_ወይ፣ እሁድ ማታ

ድምፄ የጠፋው እይታውን እያደነቅሁ ነው። ይመዝገብልኝ።


ጉና_ማዶ፣ እሁድ ማታ

@አይሻልም_ወይ ጉና ስትመጣ እንግዲህ ቃሬዛ ይዤ እጠብቅሃለሁ።


አዲስ ገቢ፣ እሁድ ማታ

ለሚቀጥለው ወር ዘጌ ተብሏል፤ ጋሼ ናቸው የወሰኑት። @ዘጌ ቡና በመርከብ ነው በጀልባ የሚሻለው?


ዘጌ ቡና፣ እሁድ ማታ

የሕዝብ መርከቡ ይረክሳል፤ የሚነሳው ግን ጠዋት ነው፣ እናንተን አይጠብቅም። ቀኑንና ሰዓቱን ከወደቡ ቀድማችሁ አጣሩ። በጀልባ ከሆነ ሰባት ሰው ስለሆናችሁ ሒሳቡን ስትካፈሉት ብዙ አይጎዳችሁም። ዋጋውን ግን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ምልልሱን፣ እዚያ የሚጠብቃችሁን ሰዓት፣ ስንት ገዳም እንደምታዩ፣ ሁሉንም። በአፋፍ በኩል ልትመለሱ ከሆነ መሄጃ ብቻ እንደሆነ ንገሩት፤ አለዚያ የምልልስ ያስከፍላችኋል።

የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻው ነው፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ሴቶቹ ነጠላ ይያዙ። ክብራን ገብርኤልም እንጎብኝ ካላችሁ ግን ሴት አይገባበትም፤ ጀልባው ላይ ሆናችሁ ከምትጣሉ እዚሁ ተነጋገሩበት።